የኮንዶሚኒየማችንን ውሾች ከእከክ ያዳንንበት መንገድ

የምኖረው ጀሞ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። ግቢያችን ውስጥ የማንም ያልሆኑ፣ ግን ሁሉም የሚያውቃቸው ውሾች አሉ። ሌሊት ከጥበቃዎቹ ጋር ያድራሉ፣ ቀን ከብሎኮቹ ሥር ፀሐይ ይሞቃሉ። ባለፈው ክረምት አብዛኞቹን እከክ ያዛቸው። ፀጉራቸው ረግፎ፣ ጆሯቸው ቅርፊት አውጥቶ፣ በብርድ ሲንቀጠቀጡ ማየት ያሳቅቅ ነበር። አሁን ከጥቂቶቹ በቀር ድነዋል። እንዴት እንዳከምናቸው የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ፣ በተለይ ደግሞ "ስንት ፈጀባችሁ?" የሚለው ጥያቄ ስለማይቀር፣ ያደረግነውን እንዳለ ልጻፈው። እኔ የእንስሳት ሐኪም አይደለሁም። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸውን መጠኖች የወሰነልን ሐኪም ነው፤ እናንተም ውሾቹን ለሐኪም ሳታሳዩ እንዳትጀምሩ።

ከገንዘቡ ልነሳ። ሰው የሚፈራውን ያህል አይደለም። ዋናው መድኃኒት አይቨርሜክቲን ነው፤ ገበሬው በጉንና ከብቱን የሚያስወጋው፣ ከእንስሳት መድኃኒት ቤት የማይጠፋው። ለሰው የሚሰጠው ዓይነት ሜክቲዛን በሚል ስም በምዕራብ ኢትዮጵያ ዓይን ለሚያሳውረው ለኦንኮሰርኪያሲስ በሽታ በነፃ ሲታደል የኖረ ነው፤ መድኃኒቱን ያገኙት ሁለት ሳይንቲስቶችም በ2015 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተካፍለውበታል። የእንስሳቱ መርፌ 1 ፐርሰንት ይባላል፤ በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ 10 ሚሊ ግራም አለው ማለት ነው። ሐኪሙ ለኛ ውሾች ያዘዘው ለአንድ ኪሎ ክብደት 0.2 ሚሊ ግራም ነበር። በዚህ ሂሳብ 15 ኪሎ የሚመዝን ውሻ የሚደርሰው 0.3 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። ባለ 50 ሚሊ ሊትር ብልቃጥ ለእንዲህ ያለ ውሻ ከ160 በላይ መርፌ ያወጣል።

ታዲያ ለአንድ ውሻ ብላችሁ ብልቃጥ ከገዛችሁ አብዛኛውን መድፋታችሁ ነው፤ ከተከፈተ በኋላ ብዙ አይቆይምና። ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ገደብ 28 ቀን ነው። እኛ ያደረግነው የእንስሳት ጤና ባለሙያ የራሱን ብልቃጥ ይዞ እንዲመጣና ውሾቹን በአንድ ዙር እንዲያያቸው መነጋገር ነው። ለያንዳንዱ ውሻ ለየብቻ ወደ ክሊኒክ ከመሄድ በብዙ ይረክሳል። የብሎኮቹ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ጻፍን፤ ሰው ትንሽ ትንሽ አዋጣ። ያላዋጣም ነበር፣ "መርዝ ይበተንላቸው" ያለም ነበር። ለእሱ የመለስኩለት አጭር ነው፦ ለውሻ የተበተነ መርዝ ድመትም ልጅም ሊያገኘው ይችላል፤ ውሾቹ ቢያልቁም ቆሻሻው እስካለ ድረስ ሌሎች መጥተው ቦታውን ይይዙታል፣ እከካቸውንም ይዘው።

ዋጋ የሚያስከፍለው መድገሙ ነው። ይህን ካልያዛችሁ ሌላው ሁሉ ከንቱ ልፋት ነው። ማሳከኩን የሚያመጣው በዓይን የማይታይ ተባይ ነው፤ ሳርኮፕቲስ ይሉታል። ሴቷ ቆዳውን ሰርስራ ገብታ እዚያው ውስጥ እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሉ በጥቂት ቀናት ይፈለፈላል፣ የተፈለፈለው አድጎ እንደገና እንቁላል ለመጣል ሁለት ሦስት ሳምንት ይበቃዋል። አይቨርሜክቲን የሚገድለው ተባዩን ነው፤ እንቁላሉን አይነካም። ስለዚህ የመጀመሪያው መርፌ ያሉትን ያጸዳል፣ በሁለት ሳምንቱ የሚሰጠው ደግሞ በመሀል የተፈለፈሉትን። ለኛ ሐኪሙ ሦስተኛም ጨመረ። ብዙ ሰው ሞክሮ "አልሠራም" የሚለው ከአንደኛው በኋላ ስለሚተወው ነው። ውሻው ማሳከኩ ቀለል ሲለው፣ እንቅልፍ ሲወስደው፣ የዳነ ይመስላል። በወሩ ግን ተመልሶ እዚያው ነው።

ሁለተኛው ነገር፣ አብረው የሚያድሩት ውሾች በአንድ ቀን መታከም አለባቸው፤ የማያክከውም ጭምር። ተባዩን ተሸክሞ ገና ምልክት ያላሳየ ውሻ ይኖራል። ግማሹን አክሞ ግማሹን መተው ገንዘብ መጣል ነው። በግቢያችን ይህን ለማስረዳት የፈጀብኝ ጊዜ ከሕክምናው አይተናነስም፦ "ያኛው እኮ ደህና ነው፣ ምን በወጣው ይወጋል?"

እከክ መሆኑን በምን ታውቃላችሁ? ሳርኮፕቲስ የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ከጆሮ ጠርዝ፣ ከክርን፣ ከኋላ እግር ቁርጭምጭሚትና ፀጉር ከሚሳሳበት ከሆድ ሥር ነው። ማሳከኩ ፋታ አይሰጥም። ሐኪሙ ያሳየን ዘዴ ደግሞ ሳንቲም አያስወጣም፦ ጓንት አድርጋችሁ የጆሮውን ጫፍ እጠፉትና ራሱን በራሱ አሹት፤ ውሻው የኋላ እግሩን እያወዛወዘ አየሩን ማከክ ከጀመረ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ቆዳ ተፍቆ በማይክሮስኮፕ ቢታይ ጥሩ ነው፤ ግን ተባዩ ኖሮም በፍቁ ላይ ሳይታይ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው፣ ስለዚህ "አልተገኘም" ማለት "የለም" ማለት አይደለም። የኛው ሐኪም ብዙዎቹን በምልክታቸው ብቻ አከማቸው፤ ለምርመራ ሊወጣ የነበረው ገንዘብ ለመድኃኒቱ ዋለ። ወገቡና ጭራው ሥር ብቻ የሚያክክ ውሻ ብዙውን ጊዜ ጣጣው ቁንጫ ነው። ክብ ክብ እየሆነ የሚመለጥ ደግሞ ጭርት ሊሆን ይችላል፤ ያኛው ሌላ መድኃኒት ነው የሚፈልገው።

ዴሞዴክስ የሚባል ሌላ ዓይነትም አለ። ይህኛው ከውሻ ወደ ውሻ አይዞርም፤ ቡችላ ገና ሲጠባ ከእናቱ ይወስደዋል፣ ጤነኛ ውሻም ላይ በጥቂቱ ይኖራል። ከግቢያችን ቡችሎች አንዱ ዓይኑ ዙሪያና አፉ አጠገብ ተመልጦ ነበር፣ ግን አያክክም። ሐኪሙ "ተዉት፣ ምግብ ስጡት" አለን፤ ተውነው፣ በራሱ ዳነ። ትልቅ ውሻ ላይ መላ ሰውነቱን ከያዘ ግን ውስጡ ሌላ በሽታ ሊኖር ይችላል፤ ሕክምናውም ወራት የሚወስድ ነው። እዚያ ላይ የሰፈር መዋጮ አይበቃም፤ የቢሾፍቱን የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ወይም እናንተ አካባቢ ያለውን የእንስሳት ክሊኒክ ጠይቁ።

ክብደቱ በግምት አይሆንም። መርፌው ለከብት የተሠራ ነው፤ ስያሜው ላይ ያለው መጠን ለ50 ኪሎ አንድ ሚሊ ሊትር ነው። ለትንሽ ውሻ "አንድ ሚሊ ይበቃዋል" ብሎ መወጋት ብዙ እጥፍ መስጠት ነው። ሚዛን ግን ከየት ይምጣ? ታክሲ ተራው ጋ ሰው የሚመዝነውን ልጅ ጠራነው። ነገሩን ስነግረው "ውሻውንም ልታስመዝኚ ነው?" ብሎ ሳቀ፣ ከዚያ የሁለት ሰው ሂሳብ ተቀበለኝ። መጀመሪያ ብቻዬን ወጣሁ፤ ቀጥሎ ቡቺን በማዳበሪያ ጠቅልዬ ታቅፌው ወጣሁ፤ ልዩነቱ የቡቺ ክብደት ነው። ሚዛኑን በበረኪና ወልውለን መለስንለት። ለማይታቀፉት ከቡቺ ጋር እያስተያየን ገመትን፤ ስንጠራጠር ዝቅ ወዳለው ነው የሄድነው። መለኪያው ደግሞ ባለ አንድ ሚሊ ሲሪንጅ ይሁን። በባለ አምስት ሚሊ ሲሪንጅ 0.3ን በትክክል መለካት አይቻልም።

አሁን አሰጣጡ። መርፌው ማጅራት ላይ ያለው ልል ቆዳ ተነስቶ ከሥሩ ይሰጣል፤ ያቃጥላል፣ ገር የሆነ ውሻም ዞሮ ሊናከስ ይችላል። አፉን በጨርቅ ጥብጣብ አስረን፣ ውሾቹ የሚያምኗቸው ጥበቃ ይዘውልን፣ ባለሙያው ወጋ። እጅ የማያስነኩት ላይ ግን ይህ አይሠራም፤ በገመድ እያሳደዱ መያዝ ለነሱም ለእናንተም ጥሩ አይደለም። ለነዚያ ሐኪሙ ያንኑ ፈሳሽ በአፍ፣ በየሳምንቱ፣ ለአራት ጊዜ እንድንሰጥ ፈቀደ። በጣም መራራ ነው፤ ዳቦ ላይ ብታንጠባጥቡት ይተፉታል። ሥጋ ቤት በርካሽ የሚሸጠውን ሳንባ ቀቅለን፣ በትንሹ ቆርጠን፣ መሀሉ ላይ ሰርስረን ጨመርንበት፤ መጀመሪያ መድኃኒት የሌለው ቁራጭ፣ ቀጥሎ ያለበት፣ ወዲያው ሌላ የሌለበት። ያለ ማላመጥ ይውጡታል።

ሳንባው መቀቀል አለበት። ውሻ ጥሬ የሆድ ዕቃ፣ ሳንባና ጉበት ሲበላ የሚይዘው የኮሶ ዘመድ የሆነ ትል አለ፤ እንቁላሉ ወደ ሰው ሲገባ ጉበትና ሳንባ ላይ ውኃ የቋጠረ እጢ ያወጣል። በእርድ በዓላት ማግስት ጥሬውን ለውሻ የምንወረውር ሁላችን ልናስበው የሚገባ ነገር ነው።

በአፍ ስትሰጡ ትልቁ አደጋ ጉልበተኛው ውሻ የሌላውንም ድርሻ መብላቱ ነው። ለሁለት ሆናችሁ ሂዱ፤ አንዳችሁ ሌሎቹን ራቅ አድርጋችሁ ምግብ ስትሰጡ ሌላው ባለ መድኃኒቱን ቁራጭ ለአንዱ ብቻ ይወርውር፣ ሲውጠውም በዓይኑ ይይ። መሬት ላይ አስቀምጦ መሄድ ፈጽሞ አይሆንም። ማን እንደወሰደ ስልካችሁ ላይ ፎቶውን ከቀኑ ጋር ያዙ፤ በሳምንቱ "ይሄኛው ነበር ያኛው?" ማለታችሁ አይቀርም።

አይቨርሜክቲን የማይስማማቸው ውሾች አሉ። ኮሊና ከብት ጠባቂ ከሚባሉት የፈረንጅ ዘሮች ብዙዎቹ በዘር የሚወረስ ጉድለት አለባቸው፤ መድኃኒቱ ወደ አንጎል ይገባባቸዋል። ጀርመን ሼፐርድም ላይ፣ ባነሰ ቁጥር፣ ይገኛል፤ አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ የሼፐርድ ዲቃላ ያልሆነ የሰፈር ውሻ ፈልጉ ብትሉኝ ልቸገር እችላለሁ። እኛ ጋ ጆሮው ቀጥ ያለ፣ ሼፐርድነቱ የሚታይ አንድ ውሻ ስለነበር ሐኪሙ መርፌውን ትቶ ከትንሽ መጠን ጀምሮ በአፍ እየጨመረ ሰጠው። ከመድኃኒቱ በኋላ የዓይኑ ብሌን የሰፋ፣ የሚንገዳገድ፣ የሚያንዘፈዝፈው፣ ለሃጩ የሚዝረበረብ ወይም እንደ ዕውር ግድግዳ የሚገጭ ውሻ ካያችሁ ወዲያው ሐኪም ጥሩ። ማርከሻ የለውም፤ በእንክብካቤ ብቻ ነው የሚተርፈው። ከስድስት ሳምንት በታች ለሆነ ቡችላ አይሰጥም። ለምታጠባ እናት ሐኪሙ ይወስን። በከብት ጀርባ ላይ የሚፈሰውን ዓይነት ወይም ሌላ መድኃኒት የተደባለቀበትን ብልቃጥ ደግሞ ለውሻ አትንኩት፤ መድኃኒት ቤት ስትሄዱ ስያሜውን እስከ መጨረሻው አንብቡ።

ለሚያስነኩት ውሾች ሌላ ርካሽ አማራጭ አሚትራዝ ነው፤ መዥገር የሚያረግፈው፣ 12.5 ፐርሰንት የሚለው። 2 ሚሊ ሊትር ለአንድ ሊትር ውኃ ተበጥብጦ ሰውነቱ ላይ ይደረጋል፣ ሳይታጠብ ይደርቃል። ጓንት፣ ዓይኑ ዙሪያ ቫዝሊን፣ የተበጠበጠውን ለነገ አለማስቀመጥ። ስኳር ሕመም ያለበት ሰው አይንካው። ለትንንሽ ቡችሎችና ለድመት መርዝ ነው። ውሻውን ያፈዝዘዋል። እኛ ብዙ አልገፋንበትም፤ በክረምት ብርድ ፀጉር የሌለውን ውሻ ማርጠብ ለኔ አልታየኝም። በጥቅምትና በኅዳር ፀሐይ ግን ይሆናል።

ስለ ተቃጠለ ዘይት ሳልናገር አላልፍም። ከጋራዥ በጄሪካን አምጥቶ ውሻውን መቀባት አሁንም የብዙ ሰው የመጀመሪያ ሐሳብ ነው። የብሎካችን ጥበቃም አምጥተው ነበር። "ጋሼ፣ ይልሱትና ይመርዛቸዋል እኮ" ስላቸው፣ "ልጄ፣ እኛ አገር ቤት ሌላ ምን ነበረንና? በዚሁ ነበር የምናድናቸው" አሉኝ። እውነት አላቸው፣ አንዳንዱ ይድን ነበር፤ ዘይት የተወሰነውን ተባይ ያፍናልና። ግን ውሻ የተቀባውን ይልሳል፤ በዘይቱ ውስጥ ያለው የብረትና የኬሚካል ዝቃጭ ጉበቱንና ኩላሊቱን ይጎዳል፣ የቆሰለውንም ቆዳ ያቃጥለዋል። ናፍጣም፣ ላምባም፣ የተባይ መርዞቹ ማላታይንና ዲያዚኖንም ያው ናቸው። ለሰው እከክ የሚሰጠው ቢቢኤልም መላ ሰውነት ላይ ሲቀባ ለውሻ ጥሩ አይደለም፣ ድመትን ደግሞ ይገድላል። ከድሮዎቹ ውስጥ ሐኪሙ ያልነቀፈው ድኝ ብቻ ነው። ለመርፌ ላልደረሱት ቡችሎች የድኝ ቅባት አዘዘልን፤ ይሸታል፣ ልብስ ያበላሻል፣ በየቀኑ መቀባት ይፈልጋል፣ ግን ዋጋው ትንሽ ነው። ጋሼ ጄሪካናቸውን መለሱ፤ ከዚያ በኋላ ውሾቹን የሚይዙልን እሳቸው ሆኑ።

የውጭ አገር ዘመድ ያላችሁ ደግሞ ፍሉራላነር ስለሚባለው የሚታኘክ ክኒን ሳትሰሙ አትቀሩም። አንዱ ክኒን ለ12 ሳምንት ይሠራል፤ ሁለቴ ማሳደድ አይኖርም። እጅ ለማያስነካ ውሻ ከሁሉም የሚሻለው እሱ ነው። ግን ውድ ነው፣ በክብደት ይመደባል፣ የሚጥል በሽታ ላለበት ውሻ ጥንቃቄ ይፈልጋል፣ አሜሪካ ውስጥም ያለ ሐኪም ማዘዣ አይሸጥም። አክስታችሁ ሻንጣዋ ውስጥ ጣል አድርጋ እንደምታመጣው ነገር አትቁጠሩት።

ማረፊያቸውን አትርሱ። ተባዩ ከውሻው ወርዶም ለቀናት ይቆያል፤ ቅዝቃዜና እርጥበት ባለበት ደግሞ ይበልጥ ይቆያል። ደረጃ ሥር የሚተኙባቸውን ካርቶኖችና ጆንያዎች በየመርፌው ቀን አውጥተን አቃጠልን፣ በሌላ ካርቶን ተካን። ካርቶን በነፃ ነው፣ ሱቁ ይሰጣል።

የኔ ክንድና ወገብ ላይ ቀያይ ሽፍታ ወጥቶ ነበር። የውሻው ተባይ ሰው ላይ ይነክሳል እንጂ አይራባም፤ ውሾቹ ሲድኑ እኔንም ተወኝ። የናንተ ካልተወ፣ በተለይ ጣቶቻችሁ መሀል ከገባና ቤተሰብ ውስጥ ከተዛመተ፣ የሰው እከክ ሊሆን ስለሚችል ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ከሽፍታው ይልቅ መፍራት ያለባችሁ የእብድ ውሻ በሽታን ነው። ድንገት ጠባዩ የተለወጠ፣ ለሃጩ የሚዝረከረክ፣ መዋጥ ያቃተው ውሻ ሲገጥማችሁ እከክ አለበት ብላችሁ እንዳትቀርቡት። ከነከሳችሁ ወይም ከቧጨራችሁ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ለ15 ደቂቃ እጠቡ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ ምልክት እስኪታይ መጠበቅ ሞት ነው። እኛ ውሾቹ ከተያዙ ላይቀር የእብድ ውሻ ክትባታቸውንም አብረን አስወጋን። ከሁሉም ከባዱ ሥራ መያዙ ነው፤ አንዴ ከተያዘ ክትባቱ የሚጨምረው ወጪ ትንሽ ነው። "መርዝ" ሲሉ የነበሩትን ጎረቤቶች ዝም ያሰኘውም የተመለሰው ፀጉር አይደለም፣ የክትባት ወረቀቱ ነው።

ማሳከኩ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይቀንሳል፣ ፀጉሩ ግን ከወር በፊት አይጠበቅም። ቆዳው መግል የያዘበት ወይም የሚሸት ውሻ ከመርፌው ሌላ አንቲባዮቲክ ያስፈልገዋል፤ የሰው ክኒን ከቤት አውጥታችሁ አትስጡት፣ ሐኪሙን ጠይቁ። ያገለገለውን መርፌ ሃይላንድ ውስጥ ከታችሁ፣ ክዳኑን አጥብቃችሁ ለባለሙያው መልሱለት፤ ከቆሻሻ ጋር አትጣሉት፣ ቆሻሻ የሚለዩ ልጆች አሉ።

አሁን ግቢያችን ውስጥ አዲስ ውሻ ሲገባ ጥበቃዎቹ ይደውሉልኛል። የሚያክክ ከሆነ ከሌሎቹ ጋር እንዳያድር ምግቡን በኋላ በር በኩል እናደርግለታለን፣ ባለሙያው በሚመጣበት ቀን ይወጋል፣ በሁለት ሳምንቱ ይደገምለታል። ሦስት እግር ያለው አንድ ውሻ አሁን በዚህ ላይ ነው፤ ሁለተኛው መርፌው የሚቀጥለው ቅዳሜ ነው።